ቆራሌው ያልወሰደው ጠርሙስ

ባለፈው ረመዷን በምናስተምርበት መድረሳ አንድ ነገር ገጠመን። ነገሩ ትንሽ ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ የውሃ ጠርሙስ በእጃችን በገባ ቁጥር እያገላበጥን ማየት ልማድ ሆኖብናል። በቤታችንም ሳይቀር ይሳቅብናል።

እንደሚታወቀው በረመዷን ወር በመስጂዳችን ግቢ ለመንገደኛውም፣ ለቀን ሠራተኛውም፣ ቤቱ ለራቀውም ኢፍጧር ይቀርባል። ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ሁሉ መልካም ነው። ሰዉ መግሪብን ሰግዶ ሲበተን ግን በየምንጣፉ ዳር ተጋድሞ የሚቀረው ባዶ ሃይላንድ ነው። (የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በአገራችን «ሃይላንድ» ተብሎ የቀረው በአንድ ወቅት ገበያውን ይዞ በነበረ የታሸገ ውሃ ስም መሆኑን ለወጣቶች ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም።) ደረሶቻችን ይህን አይተው «ኡስታዝ፣ ሰብስበን ለቆራሌው ብንሸጠውስ?» አሉን። ገንዘቡም ምን ላይ እንደሚውል አስቀድመው ተማክረው ነበር፤ አብረዋቸው ለሚማሩ ሁለት የቲም ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ደብተርና ጫማ ሊገዙበት።

ሐሳቡ ደስ አሰኘን። የኪሎውን ዋጋ ጠይቀን፣ አንድ የሞላ ማዳበሪያ መዝነን፣ በማዳበሪያው ብዛት አባዝተን «ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» ብለን የነገርናቸው እኛ ነን። ስህተቱም የእኛ ነበር። ልጆቹ ሃያ ቀን ሙሉ ከተራዊሕ በፊት ግቢውን እየዞሩ ስምንት ማዳበሪያ ሞሉ። ከሰፈሩም ሱቅ፣ ከየቤታቸውም የለቀሙትን ጨመሩበት።

ቆራሌው መጣ። ወጣት ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ሸራ ላይ እየዘረገፈ በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይለያቸው ጀመር። ፍጥነቱ የሚገርም ነው። ነጣ ያለውንና በወገቡ ላይ ቀጭን ወረቀት የታሰረበትን ወደ ቀኝ፤ አረንጓዴውን፣ ጥቁሩን፣ ከአንገት እስከ እግሩ ሥዕል የለበሰውን የጭማቂ ጠርሙስ፣ የብስኩቱንና የቺፕሱን ላስቲክ፣ የሻምፑውን ትንንሽ ከረጢት ሁሉ ወደ ግራ። ሲጨርስ አምስት ማዳበሪያ የሚሆነውን መዘነና ሒሳቡን ሰጠን። ሦስት ማዳበሪያ የሚሆነውን ግን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ኡስታዝ፣ ይሄ አይሸጥም» አለን።

«ፕላስቲክ አይደለም እንዴ?»

«ፕላስቲክማ ነው። ብወስደው ሐጂ አይቀበሉኝም። ተሸክሜ ሄጄ ተሸክሜ ልመለስ?»

ከደረሶቻችን አንዱ፣ ገና አሥር ዓመት የሞላው፣ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ከክምሩ አንስቶ «ይሄኛውስ ምን አጠፋ?» ሲል ጠየቀ። ቆራሌው ሳቀ። እኛ ግን መልስ አልነበረንም። ለጫማው የጎደለውን ከሰዉ አሰባስበን ሞላነው፤ የልጁ ጥያቄ ግን እንደዚያ የሚሞላ አልሆነም።

ምናለሽ ተራ

በሳምንቱ ቆራሌውን ተከትለን መርካቶ ምናለሽ ተራ ገባን። «ሐጂ» የተባሉት ሰው ጢማቸው የነጣ፣ ዕድሜያቸውን በዚሁ ንግድ ያሳለፉ ናቸው። ከመጋዘናቸው ደጃፍ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው በቢላዋ ጠርሙስ ይገፋሉ። ክዳኑን ይፈታሉ፣ ከአንገቱ የቀረውን ቀለበት ይቆርጣሉ፣ ልጣፉን ይቀዳሉ። የሚከፈላቸው ባጸዱት ኪሎ ልክ ነው።

ሐጂ ሁለት ጠርሙስ አንስተው አሳዩን። የመጀመሪያው ልጣፍ በጫፉ ብቻ በሙጫ ተይዟል፤ ቢላዋው ሲነካው በአንድ ጊዜ ወደቀ። የሁለተኛው ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፏል፤ ሴትዮዋ ስትፍቀው ከወረቀቱ ግማሹ ቀረ፣ ሙጫውም ጥቁር ሆኖ ጠርሙሱ ላይ ተጋገረ። «እየው ልጄ» አሉን፣ «ይህችኛዋን አንድ ጊዜ ነካን፣ ያችኛዋን አምስት ጊዜ። ጠርሙስ አምስት ጊዜ ካስነካኝ ለእኔም ኪሳራ ነው፣ ለእሷም የልጆቿ እራት ነው።»

ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህች የሐጂ ቃል ነገሩን ገለጠችልን። ጠርሙሱ ተመልሶ እቃ ይሆናል ወይስ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል የሚለው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው እኛ ስንጥለው አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ገና በወረቀት ላይ ሲነደፍ፣ ቀለሙና ልጣፉ ሲመረጥ ተወስኗል።

አንድ ጠርሙስ ከስንት ነገር ይሠራል?

የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ አካሉ ፔት ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይሠራል። ለለስላሳ መጠጥ እንዲሆን አድርጎ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1973 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ናትናኤል ዋይዝ የተባለ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ክዳኑ ግን ፔት አይደለም፤ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ልጣፉ ሌላ፣ ሙጫው ሌላ፣ የኅትመት ቀለሙም ሌላ ነው። እንግዲህ በእጃችን የምንይዘው አንድ እቃ የሚመስለን ነገር የአራትና የአምስት ባዕድ ነገሮች ስብስብ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ፋብሪካው እንዴት ይለያቸዋል? ዘዴው ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ተፈጭቶ የጥፍር ያህል ቁራጭ ከሆነና በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ከታጠበ በኋላ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይጨመራል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ቦታ የሚሞላ ፔት ግን 1.38 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ይሰምጣል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀላሉና ይንሳፈፋሉ። ክዳኑ ላይ፣ አካሉ ታች፤ ማንም ሳይለቅማቸው በራሳቸው ይለያያሉ።

ይህን ከደረሶቻችን ጋር በባልዲ ሞከርነው። ጠርሙሱንና ክዳኑን በመቀስ ቆራርጠን ጨመርን። አንዳንዱ የጠርሙስ ቁራጭ የአየር አረፋ ይዞ አልሰምጥም ሲል በጣታችን ደፈቅ ስናደርገው ወረደ። የክዳኑ ቁራጭ ግን የቱንም ያህል ቢደፈቅ ተመልሶ ብቅ ይላል። ልጆቹ ይህን ጨዋታ አድርገውት ባልዲውን ከእጃቸው ለማስጣል አዛን መጠበቅ ነበረብን። ወላጆችም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ከመቀስና ከባልዲ በቀር ምንም አይጠይቅም።

እዚህ ላይ የነዳፊው ምርጫ ይታያል። ልጣፉ ቀጭን ፖሊፕሮፒሊን ከሆነና ሙጫው በሙቅ ውሃ የሚለቅ ከሆነ ከክዳኑ ጋር ተንሳፍፎ ይሄዳል። ወረቀት ከሆነ በውሃው ውስጥ ተበጣጥሶ እንደ ገንፎ ይሆንና እጥበቱን ያበላሻል። ከፒቪሲ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፒቪሲ ክብደቱ ለፔት የቀረበ ስለሆነ አብሮት ይሰምጣል፤ ውሃውም ሊለያቸው አይችልም። ፔት የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ፒቪሲ ግን እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቃጠልና አሲድ ይለቃል። በ10,000 ኪሎ ፔት ውስጥ 1 ኪሎ ያህል ፒቪሲ ቢገባ እንኳ የሚወጣውን ሁሉ ቢጫና ተሰባሪ ለማድረግ ይበቃዋል።

ቀለምስ? የደረሳችን ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴው ጠርሙስ ራሱ ምንም አላጠፋም፤ እንደ ነጩ ሁሉ ፔት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቀለም የገባበት ፔት ቀለሙ አይወጣለትም። ነጭ ጋቢ ከቀይ ሻሽ ጋር ያጠበ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። ከነጩ ጠርሙስ ነጭ ጠርሙስ፣ የፈለጉትን ቀለም የሚነከር ክርም ይወጣል። ከተቀላቀለው የሚወጣው ግን ጠቆር ላለ ነገር ብቻ የሚሆን ነውና ዋጋው ይወድቃል። ነጋዴው ዋጋው የወደቀውን ለመሸከም መኪና አይከራይም። የጥቁር ፕላስቲክ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። በውጭ አገር በትልልቅ ፋብሪካዎች ፕላስቲክን የሚለየው ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር የሚሠራ መሣሪያ ነው። በጥላሸት የጠቆረ ፕላስቲክ ጨረሩን ስለሚውጠው ለመሣሪያው የሌለ ያህል ይሆናል። ሙሉ ሥዕል የለበሰው ጠርሙስም እንደዚሁ ነው፤ መሣሪያው የሚያነበው ልብሱን እንጂ ገላውን አይደለም።

የሻምፑና የቺፕስ ከረጢት ነገር አሳዛኝ ነው። ብዙዎቹ ከአንድ በላይ በሆኑ ስስ ሽፋኖች የተሠሩ ናቸው። አንዱ አየር እንዳይገባ፣ አንዱ እርጥበት እንዳያልፍ፣ አልሙኒየሙ ብርሃን እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ሁሉም ተጣብቀዋል። እነሱን መለየት ከተቦካ ሊጥ ውስጥ ጨውን መልሶ እንደ ማውጣት ነው። ለድሃው ቤተሰብ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ጥቅም ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በየቦዩ ተወትፎ በክረምት ጎርፉን ወደ ቤቱ የሚመልሰው በእዚያው ድሃ ቤተሰብ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ከጠርሙሱ ሥር ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ብዙ ሰው «ተመልሶ ይሠራል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የፕላስቲክ አምራቾች ያወጧት የዓይነት መለያ ናት። ቁጥር 1 ፔት ነው፣ 2 ጠንካራው ፖሊኢትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፤ 7 ደግሞ «ሌላ» ማለት ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ትነግራለች እንጂ የሚወስደው ሰው መኖሩን አትነግርም።

የጃፓኖች መንገድ

ለመሆኑ ይህን የማስተካከል ነገር የተሳካለት አለን? አለ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው የጃፓን ነው።

የጃፓን ጠርሙስ አምራቾችና መጠጥ አሻጊዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ጠርሙስ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚደነግግ መመሪያ በራሳቸው ፈቃድ አወጡ። በዚያን ጊዜ በብዙ አገሮች የትልቁ የለስላሳ ጠርሙስ ሥር ክብ ስለነበር እንዲቆም ተብሎ ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ጽዋ መሰል መቀመጫ በሙጫ ይለጠፍበት ነበር። መመሪያው ይህን አስቀረ። የአልሙኒየም ክዳንም እንዲተው ተደረገ። ቀጥሎም በ1995 የማሸጊያ ሕግ ወጣ፤ የፔት ጠርሙስ በሕጉ መሠረት መሰብሰብ የጀመረው በ1997 ነው። በ2001 ደግሞ ባለ ቀለም ጠርሙስ እንዲቀር ተስማሙ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀለም ለነጋዴ መለያው ነው። አንዱ ኩባንያ ብቻውን ቀለሙን ቢተው ተፎካካሪው ይጠቀምበታል ብሎ ይፈራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲተዉት ግን የሚጎዳ የለም። ዛሬ በጃፓን የሻይ መጠጥ ጠርሙስ ቢገዙ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሻዩ ራሱ ነው፤ ጠርሙሱ ነጭ ነው። ልጣፉም ላይ በነጠብጣብ የተበሳ መስመር አለ፤ ሰው በጣቱ ስቦ እንዲቀደው። ቤተሰቡ ክዳኑን ለብቻ፣ ልጣፉን ለብቻ አድርጎ ጠርሙሱን አለቅልቆ ያወጣል። ከሚሸጠው ጠርሙስ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል።

ሰው ብዙ ጊዜ «ጃፓኖች ሥርዓት ያላቸው ሕዝብ ናቸው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሥርዓቱስ መልካም፤ ነገር ግን በሙጫ የተጋገረ ልጣፍ ቢሰጣቸው ያ ሥርዓታቸው ስንት ቀን ይቆይ ነበር? ልጣፉን የምትቀድበትን መስመር የበሳላት ሰው አለ። እኛ ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ሰውም ምስጋና እንሰጣለን።

ሌሎችም ዘግይተው ተከትለዋል። ስፕራይት ከ60 ዓመት በላይ መለያው የነበረውን አረንጓዴ ጠርሙስ በፊሊፒንስ በ2019፣ በሰሜን አሜሪካ በ2022 ትቶ ወደ ነጭ ተለውጧል፤ ምክንያቱም ያው ቆራሌያችን የነገረን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እስከ 3 ሊትር በሚይዙ የመጠጥ እቃዎች ላይ የፕላስቲክ ክዳኑ ከአንገቱ እንዳይለይ አዝዟል። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲጠጡ ክዳኑ አፍንጫቸውን እየነካ እንዳስመረራቸው ይነግሩናል፤ ያልተለመደ ነገር መቼም ያስመርራል። በ2025 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ደግሞ በ2030 በገበያ ላይ የሚውል ማሸጊያ ሁሉ ተመልሶ መሠራት የሚችል ሆኖ እንዲነደፍ ያስገድዳል።

ወደ ቤታችን

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። አፈጻጸሙን ሁላችንም አይተነዋል። በ2025 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲው ሰው ሲከራከር የምንሰማው በፌስታል ላይ ብቻ ነው። ስለ ጠርሙሱ ቀለም፣ ስለ ልጣፉ ሙጫ የሚያነሳ አልገጠመንም። ምናልባት ችግሩን የሚያውቁት ቢላዋ ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ይሆናል፤ እነሱን ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አሻጊዎቹ ሁሉ በጥፋት የሚከሰሱ አይደሉም። ወተት ብርሃን ስለሚያበላሸው የተሸፈነ እቃ ይፈልጋል። ቡናም አየር እንዳይነካው ጠንካራ ከረጢት ያሻዋል። ለዚህ የሚደረገውን እንቀበላለን። ውሃ ግን ምን ሆኖ ነው ሰማያዊ ጠርሙስ የሚለብሰው? ይህ ለዓይን ብቻ የተደረገ ነው። ለዓይን ተብሎ የተደረገው ነገር ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው የሠራው ሰው ሳይሆን ምናለሽ ተራ የተቀመጠችው እናት መሆኗ አይዋጥልንም። ጉዳት ያለውን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች እንደሚቆጠር ለደረሶቻችን ስናስተምር ኖረናል፤ ከመንገድ የሚነሳውን ነገር አስቀድሞ የማይነሳ አድርጎ ስለሚሠራው ሰው ግን ቆም ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ከእኛ ከተጠቃሚዎቹም የሚጎድል አለ። ሐጂ ሲሰናበቱን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ለሰዉ ንገርልኝ፣ ሶፍት አትወትፉበት በለው።» እውነት ነው። ስንቶቻችን ነን ከኢፍጧር በኋላ እጃችንን የጠረግንበትን ሶፍት፣ የቴምሩንም ፍሬ በባዶው ጠርሙስ ውስጥ የምንከት? ንጽሕና የጠበቅን ይመስለናል። ያ ጠርሙስ ግን ነጭም ቢሆን ወደ ግራ ይጣላል። ከሐጅ የተመለሱ ዘመዶቻችን የሚያመጡትን የዘምዘም እቃ ለዓመታት በክብር እንደምናስቀምጠው ባይሆንም፣ ሌላውንም ባዶና ደረቅ አድርገን ብናወጣው ብዙ ነው።

ዘንድሮ ለኢፍጧሩ ውሃ ሲገዛ ደረሶቻችን ከኮሚቴው ጋር ገብተው ነበር። ከጅምላ ሻጩ ደጃፍ ላይ ሦስት ዓይነት ጠርሙስ አስወርደው፣ ልጣፉን በጥፍራቸው ሞክረው አንዱን መረጡ። ሻጩ «እነዚህ ልጆች ውሃ ነው ወይስ ጫማ የሚገዙት?» ብሎ ተገረመ። የዋጋ ልዩነት አልነበረውም።

ልጣፉ ዙሪያውን በሙጫ ለተጋገረው ውሃ አሻጊ ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ። እኛ ፊደሉን አረምን እንጂ ቃሉ የራሳቸው ነው። ልጣፉን በሁለት ጫፉ ብቻ እንዲያጣብቀው ጠየቁት፤ ከዚያ በታች ያ የአሥር ዓመቱ ልጅ «ምናለሽ ተራ መጥተው ራስዎ አንዱን ይፋቁት» የሚል መስመር ጨመረበት። ይህ ከአክብሮት ይጎድላል ብለን ልንሰርዘው አስበን ነበር፤ ግን ተውነው። ደብዳቤውን በከተማ ውስጥ ላለው ቢሯቸው በእጃችን ሰጥተን ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታን። ይህን እስከምንጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። ማኅተም ያለበት ቅጂ በመድረሳው ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው አጠገብ ተለጥፏል፤ ልጆቹ ሙጫውን የቀቡት በጫፎቹ ብቻ ነው።